የሹፌሩ እግር

መርሳ ላይ ወርዳችሁ «በሽተኛ ባሏን እንደ በሬ እየነዳች መንገድ ለመንገድ የምታንከራትተዋ ሴትዮ የታለች?» ብላችሁ ብትጠይቁ ቤቴ ድረስ ያመጧችኋል። ስሜ ሀፍሳ ነው፤ ግን ባሌን ማስኬድ ከጀመርኩ ወዲህ በስሜ የሚጠራኝ ብዙ የለም። እህል በረንዳ ማሽላና ጤፍ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ሰው ፊት አፌ ተይዞ አያውቅም፣ ለሐሜትም ቆዳዬ ወፍራም ነው። ይሄኛው ሐሜት ግን አጥንቴ ድረስ ገባ። የማስኬደው እግሩን ላተርፍለት ነበራ! ሌላ ምን ጉዳይ ኖሮኝ?

ባሌ ኢሳቅ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከኮምቦልቻ ወልድያ፣ ከወልድያ መቀሌ በጭነት መኪና ሲመላለስ ነው ያረጀው። ሹፌርን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሱቁ ከደጁ ፊት ለፊት ቢሆን እንኳ መኪና አስነስቶ ነው የሚሻገር። እግር ለፍሬንና ለፍሪሲዮን የተፈጠረ እንጂ መሬት ሊረገጥበት የተሰጠ አይመስለውም። በዚያ ላይ ሲጋራው! አንዱን በአንዱ እየለኮሰ ስለሚያጨስ ክብሪት የሚገዛው ለወጉ ነበር። «ኧረ ኢሳቅ፣ ሳንባህን አስብ» ስለው «ሀፍሳዬ፣ ጭስ የማያወጣ መኪና ቆሟል ማለት ነው» ይለኛል። ሳንባው ምንም አልሆነም። ሲጋራው የሄደው ወደ እግሩ ነው፤ ማን ያስበው ነበር?

መኪናውን ሸጦ ቤት ከዋለ በኋላ አንድ ወሬ ደረሰኝ። ኢሳቅ ከመስጊድ ሲመለስ የሴት ቀሚስ የሚሸጥበት ሱቅ ፊት ቆሞ ቀሚስ ያያል አሉ። ዛሬም ቆመ፣ በነጋውም ቆመ። «ሁለተኛ ሊያገባ ነው፣ ልብስ እየመረጠላት ነው» ብለው አንጀቴን አሳረሩት። እህሌን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ከመስጊድ ሲወጣ ጠብቄ ተከተልኩት። እውነትም ሱቁ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ፣ ቀሚሶቹ ላይ አፈጠጠ። «ማሻአላህ! የትኛው አማረህ?» ብዬ ከኋላው ስጮህበት ዘወር አለ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ግንባሩ ላብ በላብ ነው።

«ሀፍሳ፣ ባቴን ጨምድዶ ይዞኛል። ሰው እንዳያየኝ ብዬ ነው የቆምኩ» አለኝ።

አፈርኩ፣ ሳቄም መጣ፣ አዘንኩም። ዛሬ ሳስበው ምነው ሁለተኛዋን አግብቶ እግሩ ደህና በሆነ እላለሁ።

ሲቆም ይተወዋል፣ ሲሄድ ይይዘዋል። ወጌሻ አሸው፣ ባሰበት። አንዱ ቁርጥማት ነው አለ፣ አንዱ ብርድ ነው አለ፣ አንዱ ዓይን ነው አለ። እግሩ በርዶ፣ የቅልጥሙ ፀጉር ሁሉ ረግፎ ሳይ ይዤው ወልድያ ሄድኩ። እዚያ ሞላ የሚባል ወጣት ዶክተር አገኘን። ከሌላ አገር የመጣ ልጅ ነው፣ ግን ሰው አክባሪ። የደም ግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ አሰረ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አሰረ፣ ደግሞ እንደ ሬዲዮ ሹ… ሹ… የምትል ትንሽ መሣሪያ እግሩ ላይ አስጠግቶ አዳመጠ። በቀኝ እግሩ በኩል ድምፁ እጅግ ደካማ ነበር።

«አባቴ፣ ሹፌር ነዎት አሉ» አለው። «ዋናው አስፋልት ሲዘጋ ምን ታደርጋላችሁ?»

«በውስጥ ለውስጥ እንገባለና» አለ ኢሳቅ።

«ጥርጊያው ደግሞ መኪና በተመላለሰበት ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል አይደል? የእርስዎም እግር እንዲሁ ነው። ዋናው የደም ስር ጠቧል። ሲራመዱ ባትዎ ደም ይፈልጋል፣ አይደርሰውም፣ ያኔ ያምዎታል። እስኪያምዎ ድረስ ይሂዱ፣ ሲጠናብዎ ይቁሙ፣ ሲተውዎ እንደገና ይሂዱ። በየቀኑ። ያኔ ትንንሾቹ ስሮች በጎን መንገድ ያወጣሉ።»

«ቀዶ ጥገናስ የለውም?» አልኩት እኔ።

«አለው፣ እናቴ። አዲስ አበባ ነው። ወይ በቀጭን ሽቦ ገብተው ስሩን ከውስጥ ይከፍቱታል፣ ወይ ከራሱ ገላ ሌላ ስር ወስደው በጎን ይቀጥሉለታል። ግን መጀመሪያ በእርምጃው እንሞክር፤ ብዙ ሰው በእሱ ይሻለዋል። መድኃኒቱን ይዋጡ። ሲጋራ ግን ከዛሬ ጀምሮ በቃ።» ልንወጣ ስንል ደግሞ ጠራን። «አደራ፣ እግሬ በረደኝ ብለው እሳት ዳር እንዳያስጠጉት። ጣትዎ ደንዝዟል፣ ሙቀት አይለይም። ደም ያነሰው እግር ከቆሰለ አይድንም። ካልሲ ያድርጉ፣ በቃ።»

ይህችን ቃል ለማን ያልነገርኩት አለ? ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ቤት ለገባ ለወጣው ሁሉ ነገርኩ።

በነጋታው ከሱብሂ ሶላት በኋላ ጥላዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። «ተነስ እንሂድ» አልኩት። «ወዴት?» አለኝ። «ወዴትም! ሂደህ ትመለሳለህ።» ኢሳቅ ወዴትም የማይደረስበት ጉዞ በሕይወቱ አያውቅም፤ ሹፌር ጭነት ሳይኖረው አይንቀሳቀስም። እያጉረመረመ ወጣ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ባቱ ሲይዘው ይቆማል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ እኔም እቆማለሁ። ሲተወው «በል እንግዲህ» እለዋለሁ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሞተሩ ግሎብኛል እኮ!»

«ገና ማርሽ ሳትቀይር ምኑ ይግላል? ሂድ!»

ሰው ምን አየ? ያመመውን ሽማግሌ እየጮኸች የምትነዳ ሴት አየ። ሐኪም ነው ያዘዘው ብል ማን ያምነኛል? እዚህ አገር የታመመ ሰው ይተኛል፣ ይደገፋል፣ እጁ ላይ ውሃ ይፈስለታል። ያመመውን እግር «ባመመህ ልክ ሂድበት» የሚል ሐኪም ማን ሰምቶ ያውቃል? «ይቺ ሴት ባሏን ልትደፋው ነው» አሉ። ይበሉ! እኔ የማየው ሌላ ነበር። መጀመሪያ ከመስጊዱ እስከ ቀሚስ ሱቁ እንኳ አይደርስም ነበር። እያደር ሱቁን አለፈ፣ ወፍጮ ቤቱን አለፈ። ሲጋራውንም እየተነጫነጨ ተወው፤ በአፉ የጥርስ መፋቂያ ይዞ ይውላል። አንድ ቀን ድልድዩ ጋ ሳይቆም ደርሶ ዘወር ብሎ ሲያየኝ እንደ ልጅ ሳቀ። ወላሂ እኔም እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ያፈረሰብን ፍቅር ነው። ሹፌሮች የሚሏት ነገር አለች፤ ሹፌር ሹፌርን መንገድ ላይ አይጥልም። መኪናው የተበላሸበትን አይቶ የሚያልፍ ሹፌር ሰው አይባልም። ኢሳቅ ደግሞ ስንቱን ጎትቶ አውጥቷል፣ ስንቱን ረዳቱ አድርጎ መንጃ ፈቃድ አስይዟል። ታዲያ እሱን በእግሩ ሲሄድ ያየ ባጃጅም ሚኒባስም እንዴት ዝም ብሎ ይለፍ? ሲጢጥ ብሎ ይቆማል። «ጋሼ ኢሳቅ፣ ይግቡ!» «አይ፣ ልራመድ ነው።» «በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይግቡ! እኛ እያለን እርስዎ በእግርዎ?» ኢሳቅ እኔን ያያል፣ መኪናውን ያያል። እምቢ ማለት ለእሱ ሰውየውን መስደብ ነው። ደግሞም ባቱ እያመመው ነው፤ እውነቱን እንነጋገርና ማን ይጠላል? ይገባል። እኔ ጥላዬን ይዤ አስፋልት ዳር እቀራለሁ።

ከሁሉ የባሰው ቢላል ነው። የኢሳቅ ረዳት የነበረ፣ አሁን የሚኒባስ ባለቤት፣ የልጆች አባት፣ ደግ ሰው። አንድ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ጮህኩበት።

«ቢላል፣ ባሌን አትጫንብኝ! መድኃኒቱ እርምጃው ነው!»

«እትዬ ሀፍሳ፣ አይቆጡ» አለኝ እየሳቀ። «ያመመውን ሰው ሂድ የሚል ሐኪም አለ እንዴ? ተጣልታችሁ ከሆነ እናስታርቃችሁ።»

በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ይባስ ብለው ተመካከሩና ከዚያ ቀን ጀምሮ በየተራ አንድ ባጃጅ ደጃችን ላይ እየቆመ ኢሳቅን መስጊድ ያደርሳል፣ ይመልሳል፣ ሻይ ቤት ያወርዳል። ሻይ ቤት ደግሞ ሹፌር አለ፣ ሹፌር ካለ ሲጋራ አለ። ኢሳቅ ሲመለስ አፉን በከረሜላ ሞልቶ ይመጣል፣ እኔን ሊያሞኝ! ሰው እንዲህ በደግነት ሲገደል አይቼ አላውቅም።

ደግሞ የኢሳቅ ታላቅ እህት መጡ፣ እትዬ ዓቢዳ። ሐራ ነው የሚኖሩት፣ ኢሳቅን እናታቸው ከሞተች በኋላ አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ወሬው እዚያ ድረስ ደርሷቸው ነጠላቸውን እንኳ ሳያወርዱ ጀመሩኝ።

«ሀፍሳ፣ ያባቴ ልጅ ምን በደለሽ?»

«እትዬ፣ ሐኪሙ ነው ያዘዘው። ካልሄደ እግሩ ይሞታል።»

«እግር በመሄድ ያልቃል እንጂ በመሄድ ይድናል? ጫማ እንኳ በመሄድ ያልቃል!» አሉ። ኢሳቅ ጥግ ተቀምጦ መፋቂያውን ያኝካል። አንድ ቃል ቢተነፍስ ምን ነበረበት? ግን ከእህቱ ፊት እሱ ዛሬም ልጅ ነው።

እኔ ግን አልተሸነፍኩም። ከአስፋልቱ አሸሸሁት። ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው በኩል በማንጎና በሙዝ እርሻ ውስጥ የመስኖ ቦይ አለ፤ በዳሩ የእግር መንገድ አለችው፣ ባጃጅ አይገባባትም። ጠዋት ጠዋት እዚያ እወስደው ጀመር። ዛፎቹ ጥላ ናቸው፣ ሲደክመው የቦዩ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። እያማረረም ቢሆን ይሄዳል። የማሽላ ቡቃያ የነበረው እሸት እስኪይዝ ድረስ እንዲህ ቆየን። እዚያ ቦይ ዳር ተሰምቶኝ የማያውቅ ነገር ተሰማኝ፤ አብረን ያረጀን ሰዎች መሆናችን። ድሮ እሱ መንገድ ላይ፣ እኔ ቤት። አሁን ገና ከባሌ ጋር መሄዴ ነበር። «ይሄ ነገር ከዳነ» አለኝ አንድ ጠዋት፣ «ወልድያ በእግሬ ወስጄሽ ዶክተሩን አስደንቀዋለሁ።» ወልድያ ወሬ ነው፤ ግን ቦዩን ዳር ለዳር ጨርሶ ሲመለስ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የቆመው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣና መንገዱ ተዘጋ። ተኩሱ ቀረበ፣ ከከተማ ውጭ ማንም አይውጣ ተባለ። እርሻው ከከተማ ውጭ ነው። ከተማውም ውስጥ ቢሆን ገበያው አለቀ፣ ሰዉ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። እኔ ግቢያችን ውስጥ ዙር ዙር በል አልኩት፤ ግቢያችን ግን የዶሮ እርምጃ ታህላለች። ኢሳቅም ተስፋ ቆረጠ፣ ሬዲዮኑን ከፍቶ ይቀመጣል። መቀመጥ ነበር የቀረው! ጭንቀቱም ሲጋራውን መለሰበት። ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ ሲጋራ ከየት ይመጣል አትሉኝም? ሹፌር ሹፌርን አይጥልም ብያችኋለሁ።

ዝናቡ ሲያባራ በሽታው መልኩን ለወጠ። ድሮ ሲሄድ ነበር የሚያመው፣ አሁን ተቀምጦም ተኝቶም ያመው ጀመር። እግሩን ከአልጋው ቁልቁል ካላንጠለጠለ እንቅልፍ የለውም። ስልክ አልፎ አልፎ ነበር የሚሠራው፤ አንድ ቀን ሠራና ዶክተር ሞላን አገኘሁት። ሁሉን ነገርኩት።

«እናቴ፣ አሁን የእርምጃው ጊዜ አልፎበታል» አለኝ። «አዲስ አበባ ገብቶ ስሩ መከፈት አለበት። መንገድ በተከፈተ ቀን ይምጡና የሪፈር ወረቀትና ማስታገሻ ልስጥዎት። እስከዚያው እግሩ እንዳይቆስል፣ ምንም ነገር እንዳይነካው።»

መንገዱ ተከፈተ ሲባል እንደምንም አንድ ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ። ኢሳቅን ይዤው እንዳልሄድ መኪናው ሰው በሰው ላይ ነው፣ እግሩን የሚረግጡበት መሰለኝ። ወንድማቸውን ሊጠይቁ ተመልሰው መጥተው መንገድ የተዘጋባቸውን እትዬ ዓቢዳን አደራ አልኳቸው፤ ቤት የነበሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። «እትዬ፣ እሳት እንዳያስጠጉት» አልኳቸው። «ምነው፣ እኔ ልጅ ነኝ?» አሉኝ ተቆጥተው። ወልድያ ገባሁ፣ ወረቀቱን ያዝኩ፣ ማስታገሻውን ያዝኩ። ልመለስ ስል መንገዱ ከኋላዬ ተዘጋ። ያ ረቢ! ወልድያ ዘመድ ቤት ታግቼ ስልክ ስደውል አይሠራም፣ ስደውል አይሠራም።

መንገዱ ተከፍቶ መርሳ የደረስኩት ወደ አመሻሹ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ነው። ከውጭ «አሚን! አሚን!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ዓቢዳ ለወንድማቸው ዱዓ አስደርገዋል፤ ጎረቤቱ፣ ሹፌሩ፣ ሽማግሌው ቤቱን ሞልቶ ጫቱን ይዞ ተቀምጧል። ሁሉም ለኢሳቅ ነው የመጣው፣ ሁሉም ከልቡ ነው የሚለምነው። ኢሳቅን ለክብሩ ትራስ ደራርበው ከላይ አስቀምጠውታል። እግሩን ዘርግቷል። ከእግሩ ሥር ፍም የሞላ የከሰል ማንደጃ አለ፤ ተረከዙ ጠርዙ ላይ ተደግፏል።

ዱዓ ላይ መጮህ ነውር ነው። ጮህኩ። ሰውን እየረገጥኩ ደረስኩና እግሩን አነሳሁት። ካልሲው ከተረከዙ ጋር ተጣብቋል። ኢሳቅ ቀና ብሎ አየኝና «መጣሽ? አልሐምዱሊላህ» አለ በደስታ። «ዛሬ እኮ ትንሽ ሞቀኝ፣ ደህና ነኝ።» ምንም አልተሰማውም። ምንም!

«ምን አደረጉት? ምን አደረጉት!» አልኩ።

«ከጠዋት ጀምሮ እንደ ሬሳ በርዶ ነበራ!» አሉ እትዬ ዓቢዳ። «በእጄ ባሸው ባሸው አልሞቅ አለኝ። ያባቴን ልጅ እግር በርዶ እያየሁ ዝም ልበል?»

ልናገራቸው አፌን ከፈትኩ። ስንት ነገር ነበረኝ! ካልሲው ሲላቀቅ ከሥሩ የወጣውን ሲያዩ ግን እትዬ ዓቢዳ መሬት ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን ይመቱ ጀመር፣ የሰባ ዓመት ሴት። ምን እላቸዋለሁ? ደግሞስ ብናገር ቆዳው ይመለሳል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። አፌን ዘጋሁ፤ መርሳ አፌን ስዘጋ ያየችኝ ያን ቀን ነው።

ቁስሉ አልዳነም። መጀመሪያ ተረከዙ፣ ቀጥሎ ትንሿ ጣት፣ ቀጥሎ ጎረቤቷ እየጠቆሩ መጡ። ሽታ መጣ። ቢላል ይህን ሲያይ ግንባሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ አለቀሰ። «እትዬ፣ ያኔ የነገሩኝ ይሄ ነው?» አለኝ። ይሄ ነው አልኩት። «አዲስ አበባ አስገባዋለሁ። በደሴ በኩል ከተዘጋ በአፋር በኩል እዞራለሁ» አለ። ሚኒባሱን ወንበር ነቅሎ ፍራሽ አነጠፈበትና ኢሳቅን ጫንነው፤ እትዬ ዓቢዳም አልቀርም ብለው ተሳፈሩ። ወልድያን አለፍን፣ ሐራን አለፍን፤ ኢሳቅ ተጋድሞ በመስኮት እያየ «እዚህ ጋ ጉድጓድ አለች፣ በግራ ያዝ» እያለ ቢላልን ይመራዋል። ትኩሳት ላይ ሆኖ እንኳ መንገዱን አልረሳም። ለትንሽ ጊዜ የምንደርስ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ፊት ለፊት ኬላ ላይ የቆሙ መኪኖች አየን፤ ማለፍ አይቻልም፣ ተመለሱ ተባለ። ቢላል ወርዶ ለመነ፣ የሪፈሩን ወረቀት አሳየ፣ መሬት ሳመ። ተመለሱ ተባልን። ኢሳቅ ከፍራሹ ላይ «ቢላል፣ ዞር በል በቃ። መንገድ ከተዘጋ ተዘጋ ነው» አለው።

ወልድያ ስንመለስ ዶክተር ሞላ እግሩን ገልጦ አየና ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። መርዙ ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ ከጉልበቱ በላይ ካልተቆረጠ ነፍሱን ይወስደዋል አለ። ኢሳቅ እምቢ አለ። «ሙሉ ሆኜ የመጣሁትን ሙሉ ሆኜ ልሂድ» አለ። ሽማግሌ ለመነው፣ ቢላል ለመነው፣ እህቱ እግሩ ላይ ወደቁ። እኔ ሁሉንም አስወጣሁና በሩን ዘግቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ኢሳቅ፣ እኔ እግር አላገባሁም» አልኩት። «አንድ እግርም ሆንክ እግር አልባ፣ ቤት ውስጥ ድምፅህን ልስማ። ብቻዬን አትተወኝ። ከዚህ ወዲያ ምንም አልጠይቅህም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያው ሆኖ «እሺ» አለ።

ቆረጡት። እግሩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ለቢላል ሰጡት፤ በእኛ ወግ ሰው እግሩም ቢሆን አይጣልም፣ ይቀበራል። መርሳ ወስዶ ከእትዬ ዓቢዳ ጋር መቃብሩ ቦታ ቀበሩት። ሰዉም በምን እንደሚመጣ ግራ ገባው፤ ለቅሶ ነው ብሎ እንዳይቀመጥ ሰውየው በሕይወት አለ፣ እንኳን አላህ ማረህ እንዳይል እግር ተቀብሯል። ደጃችን ላይ መጥቶ ዝም ብሎ ይቀመጥና ይሄዳል። ሲያሙኝ የነበሩት ሁሉ እጄን ይስሙኝ ጀመር። «ሀፍሳ እውነትሽን ነበር» ይሉኛል። ምን ያደርግልኛል? እውነቴን ወስዳችሁ እግሩን መልሱልኝ ብዬ ልጮህ ይቃጣኛል።

ቁስሉ ጠገገ፣ ክራንች ተሰጠው፣ ለምርመራ ወልድያ ተመለስን። ዶክተር ሞላ ጠባሳውን አየና «በጣም ጥሩ ነው» አለ። ከዚያ ያቺን ሹ… የምትል መሣሪያ አወጣና በቀረው በግራ እግሩ ላይ አስጠጋት። አዳመጠ። ቦታ ቀየረ፣ አዳመጠ። እኔም አዳመጥኩ፤ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ደካማ ነበር። እንደዚያኛው እግር በመጀመሪያው ቀን።

ዶክተሩ መሣሪያውን አጠፋ። «አባቴ፣ ይሄኛውም ጠቧል» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄን እንዳናጣው መድኃኒቱን፣ ሲጋራውን ነገር… ደግሞ በተቻለ መጠን በክራንቹ…» አልጨረሰውም።

ኢሳቅ ዶክተሩን አየ፣ እኔን አየ። ለስንት ጊዜ እየነዳሁት እየጮህኩበት ሲሄድ የኖረ ሰው፣ ማንም ሳይነግረው ክራንቹን ሳበና ተነሳ። «ልሂድ» አለ። «አሁን እሄዳለሁ፣ ሀፍሳ። እዪኝ።» ክራንቹን አስቀደመ፣ እግሩን አስከተለ። እንደገና አስቀደመ። አንገቱ ላይ ስሩ ተገትሯል። በሩ ጋ ሳይደርስ ባቱ ያዘው። አወቅኩት፣ ፊቱ አመድ ሲመስል አወቅኩት። ያንን እግር እንዳያሳርፈው ሌላ እግር የለውም፤ በሚያመው ላይ እንደቆመ ቀረ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ሊወድቅ እየተወዛወዘ፣ ዓይኑን በእኔ ላይ ተክሎ። ሂድ እንድለው ነው የሚጠብቀው።

ወንበር አመጣሁና ከኋላው አስጠጋሁለት።

«ተቀመጥ» አልኩት።